አማቴ ለድመቷ የነገሯት

«ቲቸር፣ ሪማርክ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ተማሪ ሲጠይቀኝ ድሮ መልሴ አጭር ነበር። ሰሌዳው ላይ «አስተያየት» ብዬ እጽፍና ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለሁ። ጎበዝ ተማሪ ካጋጠመኝ ደግሞ፣ ኮሜንት ሰው ሲጠየቅ የሚሰጠው ሐሳብ ነው፤ ኦብዘርቬሽን አስተውሎ ያየውን መናገር ነው፤ ስቴትመንት ባለሥልጣን ማይክ ጨብጦ የሚለው ነው፤ ሪማርክ ግን ሰው አንድ ነገር አይቶ ሳይጠየቅ ጣል የሚያደርገው ቃል ነው እያልኩ አብራራለሁ። ምሳሌ ስጠን ሲሉኝ «ፀጉርህ ረዘመ» እላለሁ። ከኋላ የተቀመጡት ይስቃሉ፣ ደወል ይደወላል፣ በዚያው ያበቃል።

አሁን ይህ አንድ ቃል ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ነገሩ ከአማቴ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከድመታቸውም ጋር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ተመድቤ እንግሊዝኛ ላስተምር ስመጣ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ያደግኩበት ቤት ሁሉም ነገር ፊት ለፊት የሚነገርበት ነው። እናቴ ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማል፣ ስትታረቅም ያው ጎረቤት ይሰማል። እኔም አፌ አያርፍም። ዝምተኛ ሰው ያስጨንቀኛል፤ የሆዱን ካልነገረኝ የሚያማኝ ይመስለኛል። እግዜር ሲስቅብኝ ታዲያ ከምድር ሁሉ ዝምተኛዋን ሰጠኝ። የዝናን ያወቅኋት እዚያው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ሲያማት እንኳ የምትናገረው ከዳነች በኋላ ነው።

አገሯ የቡሬ ገጠር ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተሄዶ፣ ከዚያ በእግር ወደ ውስጥ ይገባል። አባቷ አርፈዋል። እናቷ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ታላቅ ወንድሟ ዓለሙ ደግሞ ጎረቤት ጎጆ ወጥቶ የእሳቸውንም መሬት ያርሳል።

በዚያ አገር አማትና አማች አይተያዩም። ወጣቶቹ ይህን ወግ እየተዉት ነው፤ አማቴ ግን የጥንት ሰው ናቸው። አማት ለአማቿ ፊቷን አትገልጥም፣ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ስም መጠራራት ነውር ነው። እንግዲህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስማቸውን ብትጠብቁ አታገኙትም፤ ቢነበብላቸው ይታዘቡኛል። በሠርጋችን ቀን ከእሳቸው ያየሁት ነጠላ ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ስንጠይቃቸው እኔ ስገባ እሳቸው ጓዳ ይገባሉ፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ጨዋታው በመጋረጃው ማዶና ወዲህ ይሆናል። እሱም ከእኔ ጋር አይደለም። ከድመቷ ጋር ነው።

ድመቷ አመዳማ፣ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ከእኔ እግር ሥር የማትጠፋ ነበረች። አማቴ ለእኔ ማለት የፈለጉትን ሁሉ ለእሷ ይነግሯታል። መጀመሪያ ጊዜ ስሰማ የዝናን «እናትሽ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አልኳት። «ከአንተ ጋር» አለችኝ።

ልነግራችሁ የጀመርኩት ገጠመኝ የሆነው በሰኔ ነው። የዝና የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው ስለሚባል የወሊድ ፈቃዷን ይዛ፣ ቀኗ እስኪቃረብ እናቷ ጋ እንድትሰነብት ተስማማን። ሲቃረብ ቡሬ ሆስፒታል እንገባለን። ዓርብ ዕለት ወሰድኳት። ሰኞ ጠዋት ፈተና ስለምፈትን እሑድ መመለስ ነበረብኝ።

ገና ዓርብ ራት ላይ ተጀመረ። ሽሮውን ቀመስ ቀመስ አድርጌ ስተው ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ መጣ። «አንች ድመት፣ መምህሩ እንጀራውን ዳር ዳሩን ነካክተው ተዉት። የእኛ ቤት እህል ለደሴ ሰው አይስማማ ይሆን?» አሉ። ከትሪው ላይ የቀረውን ሁሉ በላሁ። ሆዴ ተነፍቶ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ለመደወል ወጣሁ። ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው ጀርባ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው፤ እሱም በቀኝ በኩል ዘመም ሲሉ። ለርእሰ መምህሩ እየጮኽኩ አወራሁ። ስመለስ ድመቷ እየተነገራት ነበር። ሰው ካብ ላይ ቁሞ ብቻውን ሲጮህ አይታ ታውቅ እንደሆን ጠየቋት፤ እሳቸው የታመመ መስሏቸው ጠበል ሊያስመጡ ነበር።

የዝናን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እኮ ይኸ ነው፤ እኔ አህያው ከሆንኩ በቀጥታ ይምቱኝ» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን እየበሸቅኩ ነበር። የሚሉኝ ነገር ከፍቶ አይደለም። ሰው ለሁለት ዓመት አማቹን በቀጥታ «እንዴት ዋልክ» አለማለቱ ቆጭቶኝ ነው። ያልወደዱኝ ይመስለኝ ነበር። የእነሱ አገር ሰው አይደለሁም፣ ዘር ማንዘሬን አያውቁም፣ ልጃቸውን ይዤ አንድ ቀን ደሴ የምጠፋ ይመስላቸዋል ብዬ አስብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ አዲስ ነገር አሉ። «አንች ድመት፣ ቀለበት ከጣት አልወጣ ሲል ደግ አይደለም።»

የዝና የእንጀራ ቡኮ ልትነካ ቀለበቷን ለማውለቅ ታግላ እንደነበር አላየሁም። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። የጋብቻ ቀለበቷን የገዛሁት ገና ደመወዜ ሳይጠና ስለሆነ ቀጭን ናት። «አሁን ደግሞ የወርቁን ነገር አነሱ» አልኩ በሆዴ። ፊቴ ጠቆረ።

እሑድ ጠዋት ተነሥቼ የዝናን ሳያት ፊቷ ሞልቷል። ጉንጯ፣ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር። ከፍኖተ ሰላም ስንወጣ እንዲህ አልነበረችም። የእናት ቤት ተስማማሽ፣ አማረብሽ አልኳት። ፈገግ አለችና ራሴን ትንሽ ይዞኛል፣ ልተኛ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ወዲያው ከመጋረጃው ኋላ «አንች ድመት፣ ያበጠ ፊት አማረ የሚሉ ሰዎችም አሉ» የሚል ድምፅ መጣ።

ይኸ በዛብኝ። ሚስቴን ባሞግስ እንኳ ለድመት አቤቱታ ይቀርባል? ቦርሳዬን አነሣሁ። የዝናን ግንባሯን ስሜ ስወጣ አማቴ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ብሏል። ሰው መንገድ ሲጀምር ወደ ኋላ አይቶ ነው፣ ያልታየ ነገር ያስቆጫል አሉ። ድመቷ እኔ እግር ሥር ስለነበረች ከማን ጋር እንደሚያወሩ እሷም የገባት አልመሰለኝም። «ደህና ይሁኑ እናቴ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለመጋረጃው። ግቢውን አቋርጬ ወደ አጥሩ በር ሄድኩ።

በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። ዞር ሳልል አማቴ አለፉኝና በሩን ተደግፈው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ነው። ባዶ እግራቸው ጭቃ ረግጧል።

ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የዝና ፊት ነበር። የዝና አርጅታ የሚኖራት ፊት፤ ያው ግንባር፣ ያው ሰፋ ያለ ዓይን፣ ዕንባ ያቀረረበት። በሆዴ የያዝኩት ቁጣ ወዴት እንደገባ አላውቅም።

«ልጄ፣ ቁም» አሉኝ።

መምህሩ አላሉም። አንቱም አላሉም።

«ለድመት ስናገር ሰነበትሁ፤ አልሰማኸኝም። ታላቅ እህቴ እንዲህ ፊቷ አብጦ፣ ራሴን ራሴን ብላ፣ ዓይኔ ጨለመ ብላ ነው በምጥ የቀረችብን። የዝናም ዛሬ ንጋት ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ አለችኝ። ፈተናውን ትቶ ይቀራል፣ ለእሱ እንዳትነግሪ ብላ በማርያም አስማለችኝ። ምዬ ነበር። ይኸው አፈረስሁ፤ ማርያም እንደ ወደደች ታድርገኝ። ልጄን ይዘህልኝ ሂድ።»

ቦርሳዬን እዚያው ጭቃው ላይ ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

የዝና ስንገባ እናቷን አየቻቸው፤ ፊታቸው ተገልጦ ከእኔ ጎን ቆመዋል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። «እማዬ፣ ነገርሽው?» ብላ ተቆጣች። ያልፋል፣ ድካም ነው፣ ፈተናህስ ትለኛለች። ስንት ጣት ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠየቅኳት። ዓይኗን አጥብባ ብዙ ካየች በኋላ ዝም አለች። ያ ዝምታ በቃኝ።

ካቡ ላይ ወጣሁ። እንደ ትናንቱ በቀኝ ዘመምኩ። አማቴ ከታች ሆነው ካቡን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ድንጋዩ እንዳይናድ ይሁን ኔትወርኩ እንዳይሄድ አላውቅም። «ያዝለት አምላኬ፣ ያዝለት» ይላሉ። ያዘ። አምቡላንስ ከቡሬ ይመጣል፣ ግን ጭቃው ስለማያስገባው እስከ ዋናው መንገድ ብቻ ነው አሉኝ። ዓለሙ ጡሩምባ ነፋ። እሑድ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ወንዶች ቤታቸው ነበሩ፤ በአንድ አፍታ ግቢው ሞላ። ወሳንሳው ተዘጋጀ፣ የዝናን አስተኝተን ተሸከምናት።

መንገዱን አልረሳውም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ አራት ሰው ይሸከማል፣ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፣ ማንም ተራ አይጠይቅም። አማቴ በወሳንሳው በወዲያኛው በኩል ይሄዳሉ፤ ነጠላቸውን መልሰው ተከናንበዋል። መሐል መንገድ ላይ የዝናን ስጠራት አልመለሰችልኝም። ደግሜ ጠራኋት። ሦስተኛው ላይ «እህ» አለች፤ እሱም ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ እርምጃው ፈጠነ። በዚያ ሁሉ መሐል አማቴ ወግ አልተዉም። «ልጆቼ፣ የመምህሩ ትከሻ ዝሏል፣ ተቀበሏቸው» አሉ ለተሸካሚዎቹ። እምቢ አልኩ። ትከሻዬ ግን በእርግጥም ዝሎ ነበር፤ እኔ እንኳ ሳላውቅ እሳቸው አይተውታል።

በአምቡላንሱ ሆስፒታል ስንደርስ ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። የደም ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔ፣ ቃል ሲተርፈኝ የሚውለው ሰው፣ የምለው አጣሁ። ወደ አማቴ ዞርኩ። ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ነገሯት። ዓርብ ማታ እግሯ ማበጡን፣ ቅዳሜ ቀለበቱ አልወጣ ማለቱን፣ እሑድ ሲነጋ ፊቷን፣ ራሷን፣ ዓይኗን። እኔ ለሁለት ቀን ሽሙጥ ነው እያልኩ የተቀየምኩበትን ሁሉ ሐኪሟ በጥሞና እየሰማች ራሷን ነቀነቀች። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለች። የዝናን ወሰዷት፤ በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ብቻ ነው። አማቴ አንደኛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ሌላው ጫፍ ላይ። መሐላችን አንዲት ጎረቤት ስንወጣ ከኋላ ሮጣ ያስያዘችን አገልግል ተቀመጠ። ከበሩ ወዲያ ድምፅ አይሰማም። እሳቸው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። መሐላውን እያሰቡ እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ። በማርያም ምለው አፍርሰዋል፤ ቅጣቱ በልጃቸው እንዳይመጣ ፈርተዋል። እኔ ያን አላወቅኩም። ከጠዋት ጀምሮ ጥሬ እንኳ አልቀመሱም። ብሉ ልላቸው ፈለግኩ። እንዴት ይባላል? አማች አማቱን ብዪ ብሎ አይለምንም፣ እሷም ፊቱ አትበላም። ድመቷ ደግሞ ቤት ቀርታለች።

ወደ አገልግሉ ዞርኩ።

«አንች አገልግል» አልኩ፤ «ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ እናት እዚህ አሉ። እሳቸው ካልበሉ እኔም አልበላም።»

ነጠላቸው ተርገፈገፈ። ማልቀሳቸው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁም እያለቀሱም ነበር። «አንች አገልግል፣ መምህሩ ለካ ትምህርት ይገባቸዋል» አሉና ክዳኑን ከፈቱ። ጀርባ ለጀርባ ዞረን፣ እሳቸው ወደ መስኮቱ እኔ ወደ በሩ እያየን፣ እጃችን ግን ከአንድ አገልግል እየቆረሰ በላን። በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ተጣልተን መሰላቸው። እኔ ግን ከዚያ ቤት ሰው ጋር እንደዚያ ተቀራርቤ አላውቅም። ይወዱኝ ኖሯል። ከዓርብ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከሠርጉ ቀን ጀምሮ፣ እያንዳንዷን ጉርሻዬን እየቆጠሩ፣ ለእኔ የሚሆን ቃል ሁሉ ለድመት ይሰጡ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ሴት ልጅ ናት፣ ትንሽ ናት ግን ደህና ናት፣ እናቷም ተርፋለች አለች። አማቴ እዚያው ኮሪደር ላይ እልልታውን አቀለጡት። የጥበቃ ሠራተኛው ሊቆጣ መጥቶ ሲያያቸው ፈገግ ብሎ ተመለሰ። ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እንደገና ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ማንን እንደሳሙ ትዝ አላቸውና ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሐኪሟ ማታ ላይ ጠርታ አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ እናትየዋንም ልጅቷንም ላናገኛቸው እንችል ነበር አለችኝ። እኔ ያን ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም መኪና ለመሳፈር የአንድ አጥር በር ብቻ ነበር የቀረኝ።

የመሐላው ነገር ግን አልተረሳም። አማቴ ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። ቄሱ ነፍስ ለማዳን ነውና ማርያም ራሷ ታውቃለች፣ ግን መሐላ መሐላ ነው ብለው ስግደት አዘዙባቸው። ይህን ስሰማ የተረፈችው ሚስቴ ናት፣ ግማሹ የእኔ ነው ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄድኩ። ጎን ለጎን፣ ሳንተያይ ሰገድን። ሲመለሱ ሕፃኗን ታቅፈው በጆሮዋ የነገሯት ነገር ደረሰኝ፤ አባቷ ስግደት አይችሉም፣ የሚያጥፉት ጉልበታቸውን ሳይሆን ወገባቸውን ነው። ልጃችንን ቃልኪዳን ያላት የዝና ናት፤ እናቷን ያስማለቻቸውም እሷ ስለሆነች ማንም አልተከራከራትም።

ይኸውላችሁ፣ አሁን ተማሪ ስለ ሪማርክ ሲጠይቀኝ «ፀጉርህ ረዘመ» አልልም። ሰሌዳው ላይ «ቀለበት ከጣት አልወጣ ሲል ደግ አይደለም» ብዬ እጽፍና ይህ ኮሜንት ነው፣ ኦብዘርቬሽን ነው፣ ስቴትመንት ነው፣ ወይስ ሪማርክ? እላቸዋለሁ። ይከራከራሉ። አንዱ ሽሙጥ ነው ይላል፣ ሌላዋ ምክር ነው ትላለች። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ዝም ማለት ትንሽ ተምሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፤ መዝገበ ቃላቱ የማይነግራቸውን አንድ ነገርም እጨምራለሁ። ሰው እንዲህ ያለ ቃል ጣል የሚያደርገው መጀመሪያ ስላየ ነው። አይቶ ደግሞ ዝም ማለት ስላቃተው ነው። ለሰው ግድ የሌለው ሰው ለድመትም አይናገርም።

እናንተም ቤት ለድስቱ፣ ለዶሮው፣ ለግድግዳው የሚናገር ሰው አይጠፋም። አያት ይሆናሉ፣ አባት ይሆናሉ፣ አማት ይሆናሉ። እንደ እኔ ቱግ ከማለታችሁ በፊት ቦርሳችሁን አስቀምጡና ምን እንዳዩ ጠይቁ። ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ከሆነም አገልግል አይጠፋም።

አማቴ ዛሬም ፊታቸውን አይገልጡልኝም፤ መጋረጃውም በቦታው ነው። ድመቷ አርጅታ ሥራዋን ለቃልኪዳን አስረክባለች። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የተነገራትን ሁሉ እየሮጠች ታመጣልኛለች፣ ግማሹን መንገድ ላይ ትጥለዋለች። ከዚያ ቤት ስወጣ አጥሩ በር ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ቆሜ የሆነ ነገር የረሳሁ መስዬ ኪሴን እዳብሳለሁ። ባለፈው ጊዜም እንዲሁ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«ቃልዬ፣ ለአባትሽ ንገሪያቸው። ዛሬ ሁሉም ደህና ነው፤ ይሂዱ።»

ልጄ እየሮጠች መጥታ እግሬን ያዘች። «አባ፣ ሂድ» አለችኝ። ሳምኳትና ሄድኩ።